በፊልሙ ውስጥ ያልነበረው ሙዚቃ

የጠያቂያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከ22 ዓመት በፊት ሰፈራችን በነበረ ቪዲዮ ቤት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ‹ዘ ጎድፋዘር›ን አይቻለሁ። ታሪኩ ከጭንቅላቴ ወጥቷል። ማይክል ምግብ ቤት ውስጥ ሁለቱን ሰዎች የሚገድልበት ቦታ ግን ዛሬም ከነድምፁ ይታየኛል፤ ልብ ሰቅሎ የሚይዝ ሙዚቃ ነበረው። ሰሞኑን ለልጄ ላሳየው ብዬ አስቀድሜ ስከፍተው ሙዚቃው የለም። ቅጂው ተቆራርጦ ነው ወይስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? ደግሞስ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እሱ ብቻ ለምን ቀረ?»

ቅጂው ደህና ነው። ፊልሙ በ1972 ሲወጣም (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያ ቦታ ሙዚቃ አልነበረውም። ማይክል ሽጉጥ ፍለጋ መጸዳጃ ቤት ከሚገባበት ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች እስኪወድቁ ድረስ አንድ የቫዮሊን ክር አይነካም። እርስዎም ግን ከባዶ አልፈጠሩትም፤ የሰሙት ነገር አለ። እኔ የምተዳደረው ፊልም ኤዲት በማድረግ ነው፤ ለጀማሪዎችም አስተምራለሁ፤ ይህን ትዕይንት ክፍል ውስጥ በየጊዜው እከፍተዋለሁ። ከመክፈቴ በፊት ፊልሙን ቀድመው ያዩትን «ሙዚቃው እንዴት ያለ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ የሚያንጎራጉርልኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም።

እስቲ ትዕይንቱን አብረን እንየው። ማይክል የማፊያ አለቃ ልጅ ነው፤ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር፣ የቤተሰቡ ሥራ እሱን እንደማይመለከተው ለፍቅረኛው የነገራት ልጅ። አባቱን ሊያስገድል ከሞከረው ሶሎዞና ሶሎዞን ከሚጠብቀው የፖሊስ መኮንን ማክላስኪ ጋር፣ ብሮንክስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ራት ይቀመጣል። ሽጉጡ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ተደብቋል። ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ተነግሮታል፤ እኛም አብረን ሰምተናል። ከመጸዳጃ ቤቱ በር እንደወጣህ ተኩስ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጥይት፣ ጭንቅላታቸው ላይ፤ ከዚያ ሽጉጡን ከእጅህ ጣለው።

አሁን የሚሆነውን ይመልከቱ። ማይክል ገብቶ ሲዳብስ ሽጉጡን ወዲያው አያገኘውም፤ ያቺ ጥቂት ሰከንድ የእኛንም እጅ ታልባለች። ካገኘው በኋላ ከመውጣቱ በፊት ቆም ይልና በሁለት እጁ ፀጉሩን ወደ ኋላ ይጫናል። ከዚያ ወጥቶ አይተኩስም። ተመልሶ ይቀመጣል። ሶሎዞ በሲሲሊ ቋንቋ ወሬውን ይቀጥላል፤ ከታች ምንም የትርጉም ጽሑፍ አይወጣም። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ማይክል ፊት ይጠጋል። ዓይኖቹ ይቅበዘበዛሉ። የማናየው ባቡር ብረት በብረት እያፋጨ ይቀርባል፤ የሶሎዞን ድምፅ እየዋጠ፣ እየዋጠ ይመጣል፤ ማይክል ብድግ ይላል።

የእርስዎ ሙዚቃ ያ ባቡር ነው።

የድምፁን ሐሳብ ያመጣው ዋልተር መርች ይባላል፤ በእኛ ሙያ እንደ መምህር የሚታይ ሰው ነው። ብሮንክስ ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚያልፍ የከተማ ባቡር ስላለ ተመልካቹ «ይህ ድምፅ ከየት መጣ?» ብሎ አይጠራጠርም። መጠኑን ግን ልብ ይበሉ፤ ግድግዳ አልፎ እንዲያ የሚጮህ ባቡር የለም። መርች ራሱ ሲያስረዳ ያ ፍጭት የማይክል ጭንቅላት ውስጥ ያለው እንደሆነ ይናገራል፤ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሰው ሊገድል ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት የፊልም ትምህርት አያስፈልገውም። ሰሙ ባቡር ነው፣ ወርቁ የአንድ ልጅ ነፍስ ከሁለት ስትከፈል። ወርቁን ደግሞ ማንም አልነገረዎትም፤ በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ራስዎ ነዎት የቆፈሩት። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ይህ የቀረበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሰው ከፊልም የሚያስቀረው ራሱ የደከመበትን ነው።

ሙዚቃውስ ከየት ገባ? የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው የኒኖ ሮታ ሥራ በርግጥ አለ፤ የሚመጣው ግን ሁለቱ ሰዎች ከወደቁ በኋላ፣ ማይክል ወደ በሩ ሄዶ ሽጉጡን ሲጥል ነው። እስከዚያ አፍኖ የያዘንን ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ያስወጣል። የእርስዎ ትውስታ ያንን ሙዚቃ ይዞ ወደ ኋላ ጎትቶታል፤ ጭንቀቱ ወደነበረበት ቦታ ወስዶ አስቀምጦታል። ስሜቱ ትክክል ነው፤ የተቀመጠበት ሰከንድ ነው የተዛወረው።

ትውስታ እንዲህ የሚያደርገው በፊልም ብቻ አይደለም፤ ደግነቱ ግን ዝነኛ ከሆኑት ምርምሮች አንዱ የተሠራው በፊልም ነው። በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የመኪና ግጭት የሚያሳይ አጭር ፊልም ለተማሪዎች አሳዩ። ለ50ዎቹ «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» አሏቸው፤ ለሌሎች 50 ደግሞ «ሲከሰካከሱ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» የተለወጠው ግሱ ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 7ቱ፣ «ሲከሰካከሱ» ከተባሉት 16ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት የለም። አንድ ከባድ ቃል መስታወት ከሰበረ፣ ያ ሁሉ የብረት ፍጭት ኦርኬስትራ ቢያስነሳ አይድነቅዎ።

የሙያ ሰዎች ይህን የተመልካች ልማድ ተምረው ሳይሆን ነክተው ያወቁት ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ያወጣው «ሳይኮ» ላይ ሴትዮዋ ገላዋን ስትታጠብ የምትገደልበት ቦታ አለ። ለ7 ቀን ነው የተቀረጸው፤ 78 የካሜራ አቀማመጥና 52 ካት (ከአንድ ምስል ወደ ሌላው መቁረጫ) እንዳለው የሙያው ሰው ሁሉ በቃሉ ይቆጥራል። ያየ ሰው ሁሉ ቢላዋ ሥጋ ሲበሳ እንዳየ ይምላል። ፍሬም በፍሬም ስናየው ግን ያለው የሚወነጨፍ እጅ፣ የሚጮህ አፍ፣ የሚወርድ ውኃ፣ የሚጨብጥ ጣት ነው፤ ቢላዋው ገላ ሲነካ የሚመስል ነገር ካለ ዓይን ሳይጨፈን የሚያልፍ ቅንጣት ነው። ቀይ ደም አየሁ የሚሉም አሉ፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ደሙም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። በ52ቱ ካት መካከል ያለውን ቀዳዳ የሞላው ተመልካቹ ነው፤ ወጋኝ ያለውን ቢላዋ ራሱ ሠርቶ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በነገራችን ላይ ሂችኮክ መጀመሪያ ያንን ቦታ ያለ ሙዚቃ ነበር ያሰበው፤ በርናርድ ኸርማን ያን የሚሰነጥቅ የክር ድምፅ ጽፎ ሲያሰማው ሐሳቡን ለወጠ። ስለዚህ ዝምታ ሁልጊዜ ይበልጣል የሚል ሕግ የለኝም። እዚያ ሙዚቃው እንደ ጩኸት ሆኖ ይሠራል፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ግን ማይክል ምን እንደሚሰማው ይነግረን ነበር፣ እኛም መፈለጋችንን እንተው ነበር።

ስለ ቋንቋው ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ አገር ተመልካች ቅርብ የሆነ ነገር አለበትና። ሶሎዞ የሚናገረው ሳይተረጎም የቀረው ታስቦበት ነው። ቃሉ ሲዘጋብን ዓይናችን ሌላ መግቢያ ይፈልጋል፤ ያለው ደግሞ የማይክል ፊት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም ይጎርፍባቸው በነበረ ዘመን የተመለከተ ሁሉ ይህን በገላው ያውቀዋል። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ማዘር ኢንዲያ»ን በልጅነቷ መርካቶ ሲኒማ ራስ አይታዋለች። ሂንዲ አታውቅም፤ እንግሊዝኛም አታነብም ነበር። እናትየዋ ራድሃ የገዛ ልጇን በጥይት የምትመታበትን መጨረሻ ግን እኔ ጎረምሳ እስክሆን ድረስ ስትተርክልኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዝ ነበር። ልጁ አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሲሸሽ እናቱ ጠመንጃ አንስታ ትተኩስበታለች፤ ከዚያ ሮጣ ታቅፈዋለች፤ እቅፏ ውስጥ ይሞታል። «ያን ቀን ሰማዩም አለቀሰ፣ ዝናቡ አያባራም ነበር» ትለኝ ነበር። አድጌ ፊልሙን ሳየው በዚያ ቦታ ዝናብ የለም። ጎርፍና ማዕበሉ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ራድሃ ሕፃኗን ያጣችበት ቦታ ላይ ነው ያለው። እናቴ ሁለቱን ሐዘን አንድ ላይ አድርጋ አንድ ዝናብ ስር አስገብታቸዋለች። የእርስዎም ሙዚቃ እንዲሁ ነው፤ ከሚገባው ስሜት ጋር እንዲኖር ቦታ ለውጧል።

ይህን ስል ተመልካቹን ባዶ ሜዳ ላይ መልቀቅ ይበቃል ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። የአንጎል ተመራማሪው ዩሪ ሃሰንና ባልደረቦቹ ሰዎች ፊልም ሲያዩ አንጎላቸውን በኤምአርአይ እየተከታተሉ የተለያዩ ተመልካቾች አንጎል ምን ያህል በአንድ ላይ እንደሚሄድ ለክተዋል። በ2008 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሂችኮክ አንድ የቴሌቪዥን ታሪክ ሲታይ 65 በመቶ ያህሉ የአንጎል ሽፋን በሁሉም ተመልካች ላይ ተመሳስሎ ሠርቷል፤ በሰርጂዮ ሌዎኔ የካውቦይ ፊልም 45 በመቶ ያህል፤ አንድ ካሜራ ቆሞ ያለ ምንም ካት መናፈሻ ሲቀርጽ የተገኘው ግን ከ5 በመቶ በታች ነበር። ካሜራ ስለተከፈተ ብቻ ሰው አይሰበሰብም። ተመልካቹ ጎዶሎውን እንዲሞላ መጀመሪያ ሁሉም አንድ ጎዶሎ ፊት መቆም አለበት። የ«ዘ ጎድፋዘር» ዳይሬክተር ኮፖላ ይህን በጥንቃቄ ነው የሠራው፦ ዕቅዱን አሰማን፣ ሽጉጡ የት እንዳለ ነገረን፣ የጥይቱን ቁጥር ሳይቀር አስያዘን። ከዚያ ማይክል ዕቅዱን ሲያፈርስና ተመልሶ ሲቀመጥ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ «ምን ነካው?» ይላል። መልሱን የሚፈልገው ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው።

በራሴ ሥራ የደረሰብኝን ላንሳ። አንድ አጭር ፊልም ኤዲት ሳደርግ አንዲት እናት ጓዳ ውስጥ ቡና እያፈላች ስልክ የሚመጣላት ቦታ ነበር፤ ልጇ አረብ አገር ናት፣ ደዋዩ ሌላ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ እናትየዋ ስትጮህ ፊቷን ከቅርብ የሚያሳይ ክሎዝ አፕ ነበረው፤ ተዋናይቷ የልብ አድርሳለች። በላዩ የመሲንቆ ሙዚቃ ጣልንበት። አሥር ለሚሆኑ ሰዎች አሳየን፤ አለቀሱ፤ እኛም ደስ አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጠይቃቸው ግን ስለዚያ ቦታ የሚሉት አጡ፤ «ልጅቷ ሞተች አይደል?» ከማለት አላለፉም። ከዳይሬክተሩ ጋር ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ ክሎዝ አፑንም መሲንቆውንም አወጣን። ከጀርባዋ የተቀረጸ አንድ ሾት ነበረን፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ፀጥ ትላለች፣ ጀበናው ይገነፍላል፣ ቡናው ከሰሉ ላይ እየፈሰሰ ሽሽ ይላል፣ አታነሳውም። 9 ሰከንድ ተውነው። ኤዲት ለሚያደርግ ሰው 9 ሰከንድ ምንም ሳይነኩ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ልነግርዎ አልችልም፤ ጣት ራሱ መቁረጫው ላይ ይሄዳል። ፊልሙ ከታየ ከወራት በኋላ አንዲት ሴት አግኝታኝ «የዚያች እናት እንባ ከዓይኔ አልጠፋም» አለችኝ። በዚያ ሾት ላይ የእናትየዋ ፊት አይታይም።

የትዕይንት መጨረሻ ደግሞ የራሱ ጉልበት አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ሰዎችን እጃቸውን 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ እንዲያስገቡ አደረጉ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ ካስጨረሷቸው በኋላ 30 ሰከንድ ጨመሩባቸው፤ በጭማሪው ውኃው ቀስ ብሎ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ይላል። የትኛውን መድገም እንደሚመርጡ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ብርዱ ያው ነው፣ እንዲያውም ተጨምሮበታል፤ አጨራረሱ ግን ላላ ብሏል። ትውስታ የደቂቃ ሂሳብ አይዝም፤ የሚይዘው ጫፉንና መጨረሻውን ነው። የምግብ ቤቱ ትዕይንት ጫፍ ያ ባቡርና ተኩሱ ነው፤ መጨረሻው የሚወድቅ ሽጉጥና የሚፈነዳ ሙዚቃ። ሁለቱ በጣም ስለተጠጉ ትውስታዎ ቢያጣብቃቸው ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ኤዲቲንግ ክፍል አይሠራም፤ ተመልካቹ ይዞት የሚመጣው። «ካዛብላንካ» ተቀርጾ በ1942 ሲወጣ ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ ነበረች። በፊልሙ ውስጥ የጀርመን መኮንኖች መሸታ ቤቱን በዘፈናቸው ሲሞሉት ናዚዎችን የሚታገለው ላስሎ ባንዱን «ማርሴዬዝን ተጫወቱ» ይላል፣ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር ማለቱ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ሪክ በአንገቱ ብቻ ይፈቅዳል፤ ቤቱ በሙሉ ተነስቶ ይዘምራል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከቆሙት ብዙዎቹ በእውነት ከአውሮፓ የሸሹ ስደተኞች ነበሩ። እያለቀሰች የምትዘምረው ማድሌን ሌቦ ራሷ በ1940 ከፈረንሳይ ያመለጠች ናት። ይህን ትዕይንት አገሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያየውና ዋሽንግተን ወይም ሮም ውስጥ የአገሩን መዝሙር በስልክ ሰምቶ መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚያዩት አንድ ፊልም አይደለም። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ቆንጆ ትዕይንት ነበር፣ በሁለተኛው መጨረስ አልቻልኩም።

ስለዚህ ወንድምዎን እንዳልረሳሁ ይወቁልኝ። በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅሰው አለፉት፤ እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። በዚያ ትዕይንት ላይ ያለው ማይክል የቤቱ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነው፤ ታላላቆቹ ሊያደርጉት ያልቻሉትን ለአባቱ ሲል ሊያደርግ ተነስቷል። እርስዎም ያን ቀን አጠገብዎ ታላቅ ወንድምዎ ነበር። ምናልባት ክንድዎን ይዞት ነበር፣ ምናልባት «አሁን እይ!» ብሎዎት ነበር፤ አላውቅም። ያ ቪዲዮ ቤት በተርታ ድምፅ ማጉያው፣ በውጭ በሚያልፈው መኪና፣ በሰዉ ትንፋሽ ትዕይንቱ ውስጥ ገብቷል። ሰሞኑን ቤትዎ ብቻዎን ሲከፍቱት የጎደለው ሙዚቃው ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ለልጅዎ ሲያሳዩት አንድ ልለምንዎ፦ አስቀድመው «ይህች ቦታ ናት» አይበሉት። ዝም ብለው አብረውት ይቀመጡ፤ ማይክል ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያድርጉለት። ከወር በኋላ እግረ መንገድዎን ይጠይቁት፤ «ያ ምግብ ቤት ውስጥ ሙዚቃው እንዴት ያለ ነበር?» የሚያንጎራጉርልዎትን ቢጽፉልኝ በጣም ደስ ይለኛል።